ጨዋታ በሌለበት ቅዳሜ የደረስነው ለቅሶ

መንግስቴ ቢቸና ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው፤ በልብስ ሰፊነቱ የሚጠራው ግን የለም። ሱሪ ያሳጠረላቸውም፣ የልጆቻቸውን ዩኒፎርም የሰፋላቸውም፣ ሲያዩት «የጎህ አውጪ መጣ» ነው የሚሉት። ጎህ የከተማችን የእግር ኳስ ቡድን ነው። ታች ካሉት ሊጎች ባንዱ፣ ቴሌቪዥን በማይደርስበት፣ ሬዲዮ እንኳ ውጤቱን ረስቶ በሚያልፍበት ሊግ ይጫወታል። ይጫወት እንጂ ለኛ ከሱ ወዲያ ኳስ የለም።

አውጪ ማለት ደጋፊው መሀል ቆሞ የመጀመሪያውን ስንኝ የሚጥል ሰው ነው። እሱ ይጥላል፣ ተቀባዩ ያነሳል፣ ሕዝቡ ይከተላል። ከሠርግ ቤት ያመጣነው ነገር ነው፤ ሙሽራ ለማጀብ የበጀን ድምፅ ተከላካይ ለማጀብ ለምን አይበጅም ብለን ነው። እኔ ከመንግስቴ የልብስ ስፌት ማሽን ጎን ጫማ እሸጣለሁ፤ ስለዚህ አዲስ ግጥም ሲመጣለት ከሰው ሁሉ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ። ማሽኑን ቀጥ ያደርግና «ገብረ ሕይወት፣ ስማኝማ» ይለኛል። ደንበኛው ሱሪውን በአንድ እግሩ አጥልቆ ይጠብቃል።

የመንግስቴ ተቀባይ ባንተአምላክ ነው። ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራው። ዱቄት ከቅንድቡ የማይጠፋ፣ ረጅም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ድምፁን ያሳደገው ወፍጮው ነው፤ ከሞተሩ በላይ እየጮኸ ሲያወራ ኖሮ፣ ሞተሩ ሲጠፋም ዝቅ ማድረግ አቃተው። የሞጣ ልጅ ነው። ለሥራ ብሎ ቢቸና መጣ፣ ለመደ፣ የሉማሜዋን ስርጉትን አገባ፣ ቀረ።

ሁለቱ የተገናኙት ጎህ በገዛ ሜዳው ክፉኛ በተሸነፈ አንድ ዝናባማ እሁድ ነው። ተመልካቹ ጃንጥላውን ዘርግቶ ወጣ። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ጭቃው ላይ ቆመዋል። መንግስቴ ብቻውን ቀርቶ፣ ማንም ይስማው ማንም አይስማው፣ እንዲህ ብሎ ጮኸ፦

ብታሸንፍ ያንተ ብትሸነፍ የኔ፣

የመጨረሻዋን ቃል ሳይጨርሳት ከበስተጀርባው እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ድምፅ ተቀበለው፦

ከሜዳ አልወጣም እስኪጨልም ዐይኔ።

ልጆቹ ቀና አሉ። መንግስቴ ዞሮ ሲያይ ዱቄቱ በዝናብ ፊቱ ላይ የተቦካ አንድ ሰው ቆሟል። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለቱን ለይቶ ያያቸው የለም። ግጥሟም የቢቸና ግጥም ሆነች፤ ሕፃናት ውሃ ሊቀዱ ሲሄዱ ይሏታል።

ታዲያ ዘንድሮ ጎህ ከላይ ሁለተኛ ሆኖ ነበር፤ አንደኛው የሞጣው አድማስ ነው። አድማስ እኛ ዘንድ የሚመጣበት እሁድ ሲቃረብ ከተማው መንግስቴን መጎንተል ያዘ።

«ተቀባይህ እኮ የሞጣ ሰው ነው» ይሉታል ሻይ ቤት። «ያን ዕለት ማዶ ቆሞ ታየዋለህ።»

«ባንተአምላክ?» ይላል መንግስቴ፣ መርፌውን ከከንፈሩ አውጥቶ። «ሌላ ሰው ጥሩልኝ። እሱ ከኔ ጎን ካልቆመ እኔም አውጪ አይደለሁም።»

ይህን ያለው ባደባባይ ነው፤ ሰው ሰምቷል።

ከዚያ ትልቅ እሁድ በፊት የነበረው ሳምንት ጨዋታ አልነበረንም። ተጋጣሚያችን ቡድን በጀት አልቆበት ከሊጉ ወጣ ተባለ፣ በፎርፌ ነጥብ ተሰጠን፣ አለቀ። ጨዋታ የሌለበት ቅዳሜና እሁድ ለመንግስቴ ምን እንደሆነ ሚስቱን ፈንታዬን መጠየቅ ነው። የበር ማጠፊያ ይነቅላል፣ መልሶ መግጠም ያቅተዋል፤ ዶሮዎቹን በተጫዋች ስም ይጠራል። ፈንታዬ «ምነው በተሸነፉና ሜዳ በዋለ» ትላለች።

ሐሙስ ማታ ባንተአምላክ ደወለለት። ሞጣ ያሉት አጎቱ፣ ያሳደጉት ጋሼ ይታያል ማረፋቸውን ነገረው። «እንዳትቸገሩ፣ እኔ ደርሼ እመለሳለሁ» ብሎ ዘጋ። አርብ ስንደውል ስልኩ ጠፍቷል። ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ስልክ አያነሳም አልን። ስርጉት ለመውለድ እናቷ ቤት ሉማሜ ነች፤ ነፍሰ ጡር ደግሞ መርዶ አይነገራትም። ሰውየው ብቻውን ነው።

«ሣልስቱ ቅዳሜ ነው» አለኝ መንግስቴ። «ጨዋታ የለን፣ ምን ሰበብ አለን? በተቀባዬ ሐዘን ካልደረስኩ የማን ልደርስ ነው?»

እንግዲህ እኛ አገር «እንዳትቸገሩ» የተባለ ለቅሶ ይበልጥ የሚደረስ ለቅሶ ነው። ባንተአምላክ ይህን መርሳቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ቅዳሜ ጧት ሰባት ሆነን አንዲት ሚኒባስ ተኮናተርን። ፈንታዬ ሁለት ሌማት እንጀራ፣ አንድ ባልዲ ምስር ወጥ፣ አንድ ጀሪካን ጠላ ጫነች፤ ነጠላዋን የለቅሶ አጣጣል ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ መሀል ተቀመጠች። መንግስቴ የአንዱን ልጅ ቢጫ የጎህ ሻርፕ ከአንገቱ ፈትቶ ወንበር ሥር ወተፈው። «ለቅሶ ቤት ማሊያ አይገባም።»

ደብረ ወርቅን አለፍን። መንግስቴ ከሾፌሩ ጎን ሆኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ፊቱን አውቀዋለሁ፤ ግጥም እየመጣለት ነው።

«ገብረ ሕይወት» አለኝ ዞሮ። «አጎቱ ፈረስ ነበራቸው?»

«የድሮ ሰው ናቸው፣ መቼም ሳይኖራቸው አይቀርም።»

«በቃኝ» አለና ወደ መስታወቱ ተመለሰ።

ሞጣ ገብተን አንድ ባለባጃጅ አቁመን የጋሼ ይታያልን ቤት ጠየቅነው።

«አናጢው?»

«ባንተአምላክ የሚባል የወንድም ልጅ ያላቸው። የሞቱት።»

«ሞቱ እንዴ?» ባለባጃጁ ኮፍያውን አወለቀ። «ኧረ እኔ አልሰማሁም። ኑ ተከተሉኝ።»

ሰውየው ደግ ነበር፤ ደግነቱ ነው ያባሰው። በየመታጠፊያው እየቆመ «ጋሼ ይታያል አርፈዋል፣ ከቢቸና ለቀስተኛ መጥቷል» ይላል። አንዲት አትክልት ሻጭ ሚዛኗን ጥላ ተከተለች። ሁለት ሴቶች ከአንድ ግቢ ነጠላቸውን እያደገደጉ ወጡ። በሩ ላይ ስንደርስ እኛ ሰባቱ ብዙ ሆነናል።

«ድንኳን የለም» አለች ፈንታዬ በቀስታ።

«ሣልስት ነው፣ ፈርሷል» አላት መንግስቴ። ጋቢውን አስተካከለ፣ ከአጥሩ በር ጀምሮ እንደ ወጉ ድምፁን ለቀቀው፦

ፈረሱ ተጭኖ ደጁ ቆሞ ያያል፣
ወዴት ሄዶ ነው ወይ ጌታዬ ይታያል።

ሴቶቹ ተቀበሉ። አትክልት ሻጯ ደረቷን መታች። እኔም፣ የማላውቃቸው ሰው ቢሆኑም፣ እንባዬ መጣ፤ መንግስቴ ሲያለቅስ አያስችልም። በዚህ መሀል የቤቱ በር ተከፈተና አንድ ሽማግሌ፣ እጃቸው ላይ መላጊያ፣ ጢማቸው ላይ ፍቅፋቂ፣ ወጥተው ቆሙ። ግጥሙን እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ፈረስ እንኳ የለኝም» አሉ።

አትክልት ሻጯ እግራቸው ሥር ወደቀች። ባለባጃጁ ኮፍያውን መልሶ አደረገ። እኛ ባለንበት ደረቅን። ፈንታዬ ብቻ ነች ቀድማ የነቃችው፤ ነጠላዋን ገልብጣ በደህና ቀን አጣጣል ለበሰችና «እንኳን ደህና ሆኑልን ጋሼ» አለቻቸው።

«እኔስ ደህና ነኝ። ማን ነው የገደለኝ?»

«ባንተአምላክ ነው የነገረን» አለ መንግስቴ።

ሽማግሌው መላጊያውን መስኮቱ ላይ አስቀምጠው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። የተቆጡ አይመስሉም፤ የደከማቸው ይመስላሉ። «እንግዲህ ይኸ ሁለተኛዬ ነው። ጾሙ ሳይገባም ለወፍጮው ባለቤት ገድሎኝ ነበር አሉ። ፈቃድ እንዲሰጠው።»

«የምን ፈቃድ?»

«ኳስ ሊያይ ነዋ። አድማስ እዚህ ሲጫወት ይመጣል። ዛሬም ምሳውን በልቶልኝ አሁን ነው የወጣ።»

መንግስቴ ፈገግ አለ። «የትውልድ አገሩ አይደል፣ ቢያይ ምን አለ? ማየት ማን ይከለክላል?» አለ። ያን ፈገግታ ባላየው ይሻለኝ ነበር፤ ለራሱ ነበር የሚያስረዳው።

ጋሼ ይታያል ዱላቸውን አነሡ። «ኑ። እኔም ገዳዬን ልየው።»

ሜዳው ሩቅ አይደለም። የደጋፊው ድምፅ ከመታጠፊያው በፊት ይሰማል፤ መጀመሪያ ዝም ብሎ ጫጫታ ነው፣ ስንቀርብ ግን ቃል ሆነ። መንግስቴ መንገዱ መሀል ቆመ። ከኋላችን የመጣ አህያ ገፍቶት አለፈ፤ አልተንቀሳቀሰም።

የኛ ግጥም ነበረች። ከነዜማዋ፣ ከነጭብጨባዋ፣ እንዳለች።

ገባን። ሁሉም አረንጓዴ ለብሷል። ከግቡ ጀርባ ጉብታ አለ፤ ጉብታው ላይ ባንተአምላክ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ አረንጓዴ ሻርፕ ግንባሩ ላይ አስሮ ቆሟል። «ብታሸንፍ ያንተ» ይላል። ተቀባይ ሆኖ አይደለም፤ እሱ ነው አውጪው። ሞጣ በሞላ ይቀበለዋል። ልጠላው ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ሲያምርበት አይቼው አላውቅም።

እረፍት እስኪነፋ ጠበቅን። መንግስቴ ኳሷን አንድም ጊዜ አላያትም። ፊሽካው ሲነፋ ባንተአምላክ ላቡን እየጠረገ ከጉብታው ወረደ፤ መጀመሪያ ያየው አጎቱን ነው።

«ጋሼ።»

«ነፍስ ይማር በለኝ እንጂ» አሉት ሽማግሌው። «እነዚህ ከቢቸና ድረስ አልቅሰውልኝ መጡ።»

ከዚያ እኛን አየ። ጋቢያችንን አየ፣ የፈንታዬን ነጠላ አየ። ሳቂታው ሰውዬ ፊቱ እንደ ልጅ ተቀያየረ።

«እንዳትቸገሩ ብዬ ነበር» አለ።

«ሰማን» አለ መንግስቴ። «ጥርሴን አመመኝ ብለህ ከጨዋታ የቀረህብን ዕለት እዚህ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«የአማትህ ቤት ጣራ የፈረሰ ዕለትስ?»

«አልፈረሰም።»

አንድ አረንጓዴ ለባሽ ጎረምሳ መጥቶ ባንተአምላክን በትከሻው አቀፈው። «እናንተ የቢቸና ሰዎች ናችሁ? ይችን ድምፅ በውሰት ነው የያዛችኋት፤ የእሁድ ሳምንት መልሰን ይዘንባችሁ እንመጣለን» አለና እየሳቀ ሄደ። ክፉ አላሰበም፤ የደጋፊ ወግ ነው። እኛም ብንሆን እንለው ነበር።

«መንግስቴ» አለ ባንተአምላክ። ድምፁን ዝቅ ማድረግ ያን ቀን ነው የቻለው። «እኔ የተወለድኩት ከዚህ ሜዳ ጀርባ ነው። ጎህን አልጠላሁም፤ በሰንበቴ ልማልልህ። ግን ይሄን ሁሉ ጊዜ ካንተ ጎን ስቆም አንድ ቀን ‘ዛሬ አንተ አውጣ’ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር።»

«እሱ ይጠየቃል እንዴ?»

«ግጥሟስ?» አለ መንግስቴ።

«ግማሿ የኔ ነች።»

«ግማሿን ይዘህ ብትሄድ ምን አልኩህ? ሙሉዋን ነው የወሰድካት።»

ተጫዋቾቹ ወደ ሜዳ መመለስ ጀመሩ። ከጉብታው በኩል «ባንቴ፣ ና እንጂ» እያሉ ይጣራሉ። ባንቴ ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ቢቸና ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራው የለም።

«የእሁድ ሳምንት የት ነው የምትቆመው?» አለ መንግስቴ።

ባንተአምላክ መሬቱን አየ። ወደ ጉብታው አየ። «ከነሱ ጋ ነው የምመጣው» አለ። «ልነግርህ ነበር።»

«ማንን ገድለህ ልትነግረኝ ነበር?»

ፊሽካ ተነፋ። ባንተአምላክ ለመንግስቴ እጁን ሊዘረጋ ፈልጎ መልሶ ጎኑ ላይ አደረጋት፤ ሄደ። ሲሄድ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየን። ጉብታው ላይ ሲወጣ ግን ጮኸ፤ እንደሚጮኸው አድርጎ።

ለለቅሶ የወጣ እህል ወደ ቤት አይመለስም። ስለዚህ ጋሼ ይታያል ቤት ገብተን ሌማቱ ተከፈተ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ያለቀሱት ጎረቤቶችም ሞሰቡ ዙሪያ ተቀመጡ። ሽማግሌው የራሳቸውን ሣልስት በጥሩ ሆድ በሉ። «ወጡ ግሩም ነው» አሏት ፈንታዬን፤ «ሰው በሞተ ቁጥር እንዲህ የሚበላ ከሆነ ልጁም አልተሳሳተ።» ሁሉም ሳቀ። መንግስቴ አንድ ጉርሻ ይዞ እጁ ላይ አደረቀው።

ልንወጣ ስንል ሽማግሌው መንግስቴን ክንዱን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱት።

«ልጁ ክፉ አይደለም።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።»

ቢቸና ስንደርስ ሰው ደጅ ደጁ ላይ ነበር። መቼም መርዶው ስለተሰማ የሻይ ቤቱ ሰዎች ከወንበራቸው ተነሥተው መንግስቴን ጠየቁት፤ «ለቅሶው እንዴት ዋለ?»

እኛ ሁላችን አፉን ጠበቅን።

«ሰው ብዙ ነበር» አለና ወደ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስፈልገው ቤቱ የለም። ፈንታዬ ወደ ሜዳው በአገጯ አመለከተችኝ። ሄድኩ። ባዶ ሜዳ ላይ፣ ሁልጊዜ በሚቆምባት ቦታ ላይ፣ ብቻውን ቆሟል። ሁለት ላሞች ፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ውስጥ ይግጣሉ። አንዲት ስንኝ ይጥላል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይጥላል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«አድማስ ሊመጣ ሳምንት ነው የቀረው። ደጋፊው ምን ሊል ነው?»

«ያችኑ እንላለና።»

«እሷ ሞጣ ቀርታለች» አለ። «አዲስ ይዣለሁ፤ ስማኝማ።» ጉሮሮውን ጠረገ፦

ማን ይቀበለኛል ብጮህም ብጣራ፣

ጠበቅሁ። ምንም አልተከተለም። «ቀጣይዋስ?» አልኩት።

«የለችም። ሌሊቱን ሙሉ ፈልጌ አጣኋት።» ወደ ጎኑ፣ ማንም ወዳልቆመበት ባዶ ሣር ተመለከተ። «መቼ ነው ሁለተኛዋን እኔ ፈልጌያት የማውቀው? እኔ የመጀመሪያዋን እጥላለሁ፣ ሁለተኛዋ ራሷ ትመጣለች።»

እኔ ጫማ ሻጭ ነኝ፤ ዜማም ግጥምም አላውቅም፤ ድምፄም ለሬሳ ሣጥን እንኳ አይሆንም። ነገር ግን ሰውየውን እንደዚያ ቆሞ ማየት ከበደኝ። ከጎኑ ሄጄ ባንተአምላክ በሚቆምባት ላይ ቆምኩ።

«በል ጣላት።»

«አንተ?»

«ጣላት እንጂ።»

ጣላት። እኔም ሳላስብ፣ የመጣልኝን፣ ባለ በሌለ ድምፄ ጮህኩ፦

ከወፍጮ ቤት ማዶ ከአህያው ተራ።

አንዷ ላም ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ሳቄ መጣ፤ እሱ ግን አልሳቀም። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጥቂት አሰበበት።

«ቤት መምታቱንስ መትቷል» አለ። ፊቱን ወደ ባዶው ሜዳ መለሰ። «አሁን ደግሞ ሳልጨርስ ግባ፤ ዘግይተሃል።»